ከስክሪን ላይ ያነሳሁት ፎቶ

ሾኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ልጄ ሆሳዕና እናቴ ዘንድ ነበር የምታድገው። ሦስት ዓመት ሲሞላት እኔን «አክስቴ» ማለት ጀመረች። እየሳቅኩ አቀፍኳት፤ ማታ ግን አለቀስኩ።

ወደ ሆሳዕና የጠየቅኩት ዝውውር የጸደቀው በዚያው ሰሞን ነው። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስሄድ የተዛዋሪዎቹ ስም ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ፕሪንተሩ ግን ቀለም ጨርሷል። ጸሐፊዋ «ስክሪኑን በስልክሽ አንሺው» አለችኝ። እኛ ጋ የተለመደ ነው፤ ፕሪንተር ባስቸገረ ቁጥር ሰው ሁሉ ስክሪን አንስቶ ይሄዳል። እኔም አንስቼ ሆሳዕና ገባሁ። ከየመሥሪያ ቤቱ የተዛወሩ ሠራተኞች በሲቪል ሰርቪስ ቢሮ የሚመዘገቡበት የመጨረሻ ቀን ነበር።

መዝጋቢው ስልኬን ተቀብሎ አየና መለሰልኝ። ፎቶው ላይ፣ ልክ ስሜ ያለበት ቦታ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ መስመሮች ይተጣጠፋሉ።

«እህቴ፣ ይሄ የተነካካ ነው። ስም ሲቀየር ነው እንዲህ ቀለም የሚያወጣው» አለኝ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ።

ደሜ ፈላ። አጭበርባሪ ተብዬ፣ ልጄን ትቼ ሾኔ ልመለስ?

«አጎበር ያውቃሉ?» አልኩት። ዓመቱን ሙሉ የማድለው እሱን ነው። «አንዱን በሌላው ላይ ቢደርቡት ቀዳዳዎቹ አልገጥም እያሉ ሞገድ ይሠራሉ። ስክሪኑ የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው፤ የስልኩም ካሜራ እንደዚያው። ነጥቦቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ መስመር ይወጣል። ማንም አልነካካውም።»

«እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም» አለ።

ጎንበስ ብዬ የራሱን ኮምፒውተር ስክሪን በስልኬ አነሳሁና አሳየሁት። ያው መስመር፣ ያው ቀለም።

«ስልክሽ ተበላሽቷል።»

«እንግዲያው በራስዎ ያንሱት።»

አላነሳም። ከኋላዬ የተሰለፉ፣ ከአንጋጫ የመጡ አንድ አዛውንት መምህር ግን ስልካቸውን አውጥተው ስክሪኑን አነሱና ፊቱ ላይ ዘረጉለት። «የእኔም ተበላሽቷል በለኛ!» አሉት። ሰልፉ በሳቅ አውካካ።

መዝጋቢው ወንበር አሳየኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሾኔ ደውሎ አጣራ፣ መዝገቡን ሳበ፣ ስሜን ጻፈ።

«በይ፣ ለዛሬ አልፌሻለሁ» አለኝ።

«አላለፉኝም» አልኩት። «ዝውውሩ የእኔ ስለሆነ ነው የመዘገቡኝ። ቅድም የተናገሩትን ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል። አሁን ደግሞ አጭበርባሪ እንዳልሆንኩ ጮክ ብለው ይንገሩት።»

እስኪናገር ድረስ ከጠረጴዛው ፊት ንቅንቅ አላልኩም።