መቋሚያውና አራቱ አምፖሎች

ለፍታችሁ የሠራችሁት ዕቃ ያዘዛችሁትን ትቶ ተቃራኒውን ሲያደርግ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሰው ሲገጥመው አየሁ።

የእህቴ ልጅ የምሕንድስና ተማሪ ናት። ለእረፍት እኔ ዘንድ መጥታ የምግብ ጠረጴዛዬን ሽቦ በሽቦ አደረገችው። የምትሠራው ጆይስቲክ ነበር፤ ጆይስቲክ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚነዳበት አጭር ዘንግ ነው። ዘንጉ ወዴት እንዳዘነበለ አንብባ ለኮምፒውተሩ የምትነግር ማይክሮኮንትሮለር አለችው፤ ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ናት። ልጅቷ ፕሮግራም ጽፋ ጫነችባትና ኮምፒውተሩ እውነተኛ ጆይስቲክ የተሰካበት መሰለው። ዘንጉን ወደፊት ስትገፋው ግን ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ወደኋላ ሄደች። «ተገልብጧል» አለችና አንዱ መስመር ላይ የመቀነስ ምልክት ጨመረች፤ ተስተካከለ። እሷ ወደ ሌላ ሥራ አለፈች፤ የእኔ ሐሳብ ላሊበላ ደርሶ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ላሊበላ ስመደብ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ኢንስፔክተር ከወልድያ መጥተው አንድ ክፍለ ጊዜ ሳስተምር እንደሚያዩኝ ተነገረኝ። ከወደዱት ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ካልወደዱት ሻንጣዬን ይዤ ደሴ፣ እናቴ ቤት እመለሳለሁ። ርእሰ መምህሩ ጠመኔ ብቻ ይዤ እንዳልጠብቃቸው አስጠነቀቁኝ። የዘመኑ መመሪያ መምህር ከአካባቢ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይሥራ የሚል ነበር።

እኔም አቅጣጫን የሚያስተምር መሣሪያ አሰብኩ። በሣንቃ ላይ አራት የእጅ ባትሪ አምፖሎች ተክዬ ከየአንዳንዱ አጠገብ በዚያ አቅጣጫ ያለ ከተማ ጻፍኩ። ወደ ሰሜን ሰቆጣ፣ ወደ ደቡብ ደሴ፣ እንዲህ እያልኩ። ከጎኑ አንድ ሳጥን ይቀመጣል፤ ከክዳኑ ዘንግ ይወጣል፤ ተማሪው ዘንጉን ወደ ፈለገው አቅጣጫ ሲገፋ የዚያ አቅጣጫ አምፖል ይበራል።

ዘንጉን የሰጡኝ ያከራዩኝ መሪጌታ ናቸው። በማኅሌት የሚይዙት መቋሚያ ከመሐሉ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ለምን እንደፈለግኩት ስነግራቸው «ቋሚ ለመሆን መቋሚያ ያስፈልግሻላ» ብለው ሳቁና የላይኛውን ግማሽ ሰጡኝ። ወገቡን በጠፍር አስሬ ከክዳኑ ቀዳዳ ላይ አንጠለጠልኩት። እግሩን በዘይት ቆርቆሮ ጠቀለልኩት፤ በሳጥኑ ውስጥም በአራቱ ጎን አራት የቆርቆሮ ምላስ አቆምኩለት፤ እግሩ ሲነካቸው እንዲያበሩ እያንዳንዱን ምላስ በሽቦ ከየአቅጣጫው አምፖል ጋር አገናኘሁ።

የቸገረኝ ድንጋይ ነበር። የእጅ ባትሪ የሚበላውን ድንጋይ እንለዋለን። ተራራ ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን በሆነበት ከተማ ድንጋይ ጠፋ ማለት ያስቃል፤ ግን ጠፍቶ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ፍላቂት ገበያ ወጥቶ ሁለት ድንጋይና አንድ ቁና የገብስ ቆሎ ይዞልኝ መጣ። ቆሎውን በሁለት ቀን ጨረስኩት፤ ድንጋዩን ግን ሰሰትኩለት። ሽቦዎቹን በእጄ እያነካካሁ አራቱም አምፖሎች ለቅጽበት እንደሚበሩ አየሁና በቃኝ አልኩ። በመቋሚያው አልሞከርኩትም። ስሕተቴ ይኸው ነበር።

ኢንስፔክተሩ በኅዳር፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ በእህል መኪና ላይ ተጭነው አቧራ ለብሰው ደረሱ። መሪጌታም መቋሚያቸው ምን እንደሆነ ሊያዩ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ የመሪጌታን ጥምጥም አዩ፣ ሳጥኑን አዩ።

«ይህ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አይደለም?»

«የአካባቢ ቁሳቁስ ነው፣ ጓድ» አልኳቸው።

ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ሳጥኑንና ሣንቃውን በትክክል ወደ ሰሜን አስተካክዬ አንዲት ተማሪ ጠራሁ። መቋሚያውን ወደ ሰሜን ገፋችው። የበራው ደሴ ነው።

«እትዬ፣ ሰቆጣ ደሴ ወረደች» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ወደ ምሥራቅ ስትገፋው ምዕራብ በራ። ኢንስፔክተሩ እንደገና ጻፉ። የእናቴ ቤት በር ታየኝ። በደብተሬ ለሽቦዎቹ ቁጥር ሰጥቼ ነበር፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተከተልኩ፤ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው።

መሪጌታ ከኋላ ተነሡ። «አንች ልጅ፣ እኛ ፊት ለፊት ተሰልፈን ስንዘምም፣ የኔ መቋሚያ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ለፊተኛው ሰው ግራ ነው። ሳጥንሽ ፊት ለፊት ገጥሞሽ ቆሟል። አዙሪው።»

ሣንቃውን ሳልነካ ሳጥኑን ብቻ ግማሽ ዙር አዞርኩት። ተማሪዋ ወደ ሰሜን ገፋች፤ ሰቆጣ በራ። አራቱም ታዘዙ።

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «አሁን ለምን ሠራ?»

የመሪጌታን ምክንያት ልደግም ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሳጥን ፊት የለውም፤ ልናገር የነበረውን አላመንኩበትም። «አላውቅም፣ ጓድ» አልኩ። «ከፍተን እንየው።» ክዳኑን ከነመቋሚያው አንስቼ ለተማሪዎቹ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። አናቱን ወደፊት ገፋሁ፤ በቆርቆሮ የተጠቀለለው እግሩ ወደኋላ ሄደ። ወገቡ የታሰረ ዘንግ አናቱ ሲሄድ እግሩ ይመለሳል፤ ወደ ሰሜን ስንገፋው እግሩ የሚነካው የደቡብን ምላስ ነበር። ደወሉ ሲመታ ክፍሉ በሙሉ እርሳሱን በሁለት ጣት ይዞ ያወዛውዝ ነበር፤ ኢንስፔክተሩም እስክሪብቷቸውን።

ደብዳቤው በጥር መጣ። ቋሚ ሆኛለሁ። ከግርጌው «መምህርቷ ያልተፈተሸ መሣሪያ ይዛ ክፍል እንዳትገባ ትመከር» ይላል። ለመሪጌታ አነበብኩላቸው፤ የእግሩንም ነገር አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ «መዞር እንዳለበት አላልኩሽም?» አሉኝ። ብለውኛል።

ይህን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ ሥራዋን አላቋረጠችም። የእሷ የመቀነስ ምልክት የእኔ ግማሽ ዙር ነው። እሷ ግን ለምን እንደተገለበጠ አላየችም፤ ማስተካከሉ ቀላል ስለሆነላት ማየት አላስፈለጋትም። እኔም ኢንስፔክተሩ ባይጠይቁኝ ኖሮ እስከ ዛሬ የሳጥን ፊት እፈልግ ነበር።

አሁን እናንተም እስክሪብቶ አንሡ። መሐሉን በሁለት ጣት ያዙት፤ አናቱን በሌላው እጃችሁ ወደፊት ግፉት። ዓይናችሁ ግን እግሩ ላይ ይሁን።