በምንጣሮው ቀን የመጡት ሽማግሌ

ይህ ያጋጠመኝ ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ነው። እስካሁን ሳስበው ግራ ይገባኛል።

የምንኖረው ጌጃ ሰፈር ነው። አንዲት የወተት ላም አለችን። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ቀበሌው ሣር እንድንዘራበት የፈቀደልን ቦታ ነበር። ግን ጉሎው፣ ግራዋውና እሾሁ ተጠላልፎበት ድመት እንኳ አያሳልፍም። እስከ ሰኞ ካልመነጠርነው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነገረን። ቦታው ከሄደ ላሟ መሸጧ ነው፤ ልጆቼ ደግሞ የሚያድጉት በእሷ ወተት ነው።

እኔም ባለቤቴም አገር ቤት ላሉት ዘመዶቻችን "ሰው ላኩልን" ብለን ነበር። ማን እንደሚመጣ ግን የነገረን የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤቶቻችን ጋር ደቦ ወጣን። ገና ሥራ ስንጀምር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መጥተው "እግዚአብሔር ያበርታችሁ!" አሉ።

እኔ የባለቤቴ አጎት መሰሉኝ። ለእሱ ደግሞ የእኔ አጎት መሰሉት። "እንኳን ደህና መጡ አባባ፣ ስንጠብቅዎ ነበር!" ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ ባለቤቴ መጥረቢያ አቀበላቸው። ሽማግሌው መጥረቢያውን አዩ፣ እኛን አዩ። አንድ ነገር ሊሉ ጀምረው ተዉት። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ገቡበት።

እንዴት ያለ ጉልበት ነው! ወጣቶቹን አስናቁ። ምሳ ላይ ባለቤቴ "አገር ቤት እንዴት ነው?" ሲላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነው" አሉ። ማን ነዎት ብሎ መጠየቅማ ነውር ነው፤ የባል ዘመድ እንዴት ይጠየቃል?

አመሻሹ ላይ ቦታው ጸዳ። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው "በሉ ልጆቼ፣ አሁን ልደታ ማርያም በየት በኩል እንደሆነ አሳዩኝ። የልጄ ቤት እዚያ አጠገብ ነው። ጠዋትም እሱን ልጠይቃችሁ ነበር የቆምኩት" አሉ።

"ያንተ አጎት አይደሉም እንዴ?" አልኩት ባለቤቴን።

"ኧረ ያንቺ ናቸው ብዬ!"

"ታዲያ አባባ፣ ምነው ሳይነግሩን?" አልኳቸው ደንግጬ።

"መጥረቢያ ሰጣችሁኝ። ምንጣሮ ላይ መጥረቢያ የተሰጠው ሰው መንገድ ይጠይቃል እንዴ?"

ራሴ ወሰድኳቸው። ልጃቸውን ደጅ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆማ አገኘናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትፈልጋቸው ውላ ዓይኗ አብጧል። አቀፈቻቸው። እሾህ የቧጨረውን እጃቸውን ስታይ ወደ እኔ ዞረች። "አባቴን ምን አድርጋችኋቸው ነው?"



"ተያት ልጄ" አሏት፣ "ዘመድ ጋ ነው የዋልኩት።"

ሰኞ የቀበሌው ሰዎች መጥተው ቦታውን አዩና ለእኛ አጸደቁት። ሣሩም በቀለ። እኔ ግን የልጅቷ ፊት ሲታወሰኝ አፍራለሁ፣ እሳቸው ያሉት ሲታወሰኝ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ሁለት ጊዜ ወተት ይዤ ልጠይቃቸው ተነስቼ ነበር። እንደ ዘመድ ልግባ ወይስ እንደ ጥፋተኛ፣ እሱን ስለማላውቅ ከመንገድ ተመለስኩ።