ያልለካሁት ደረጃ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎንደር ውስጥ የእንጨት ሥራ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ሳይለካ መጋዝ ያነሳውን ተማሪ ከክፍል ሳባርር ኖሬ፣ በስተርጅና ባሕር ተሻግሬ አሽቀሎን ከተማ መጥቼ አንድ ደረጃ አዋረደኝ።

በመጣን በሁለተኛው ክረምት ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። የምንኖረው ሺምሾን ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሆስፒታል ስትመለስ የአምቡላንስ ሰዎች በአጭር የሸራ አልጋ ተሸክመው አወጧት። ሸራው ሲወዛወዝ፣ እሷም ጥርሷን ነክሳ ስታቃስት አይቼ «ይሄም ዕቃ ሆኖ!» ብዬ ናቅሁት። ሐኪሙ እግሯ ሳይታጠፍ በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒክ እየወረደች መራመድ እንድትለማመድ አዘዘ። ማን ያውርዳት? ሁለት ጊዜ ቀረች። ያኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ወረቀቷን ታቅፋ መጣች።

«እሑድም ከቀረች ቤት አቮት ትገባለች ነው የምትለው» አለኝ ወታደሩ ልጄ፣ ከዕብራይስጥ እየተረጎመ። ቤት አቮት የሽማግሌዎች መኖሪያ ነው። አርባ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አድረናል፤ ሌላ ሰው ውኃ ሲያቀብላት ማየት አልፈልግም ነበር። ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን ለማንም አልነገርሁም፤ ተቆጥቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት።

ባገራችን የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በቃሬዛ ነው። አራት ጎረምሶች አራቱን እጀታ ትከሻቸው ላይ ያደርጉና ሳያንገላቱ ያደርሱታል። ይህን መሥራት ለእኔ ምን ይከብደኛል? ቆሻሻ መጣያው አጠገብ የተጣለ አልጋ አገኘሁና በረንዳ ላይ ፈታሁት። እዚህ አገር የሚጣለውን እንጨት ያየ ሰው ያለቅሳል። ከአገር ይዤው በመጣሁት መሮ እየፈለፈልሁ፣ አንዱን እንጨት በሌላው ቀዳዳ እየሰካሁ፣ ያለ አንዲት ምስማር አራት ቀን ሠራሁ። ባለቤቴን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ለካኋት። ተሸካሚዎቹ እንዳይገፋፉ ብዬ እጀታዎቹን አስረዘምሁ፤ በብርጭቆ ወረቀትም አለሰለስኋቸው።

«አስተማሪው፣ ሙሽራ ልታመጣበት ነው እንዴ?» አለችኝ። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

እሑድ ጠዋት ልጄ፣ የባለቤቴ ወንድምና ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ጎረቤቶቹ ቃሬዛውን እየዳሰሱ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ከቤቱ በር በደህና ወጣን። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግን የፊተኞቹ እጀታዎች ግድግዳውን መቱ።

«አባ፣ ዜ ሎ ኦቬር! አያልፍም!» አለ ልጄ።

«አዘንብሉት!» ብዬ ጮኽሁ። ቢያዘነብሉት እሷ መንሸራተት ጀመረች። ቢመልሱት የኋለኞቹ እጀታዎች የደረጃው ብረት ውስጥ ተቀረቀሩ። ያኔ ገባኝ። ሰውን ለክቼ፣ እንጨቱን ለክቼ፣ ደረጃውን አልለካሁም። ባገራችን ቃሬዛ የሚሄደው በሜዳና በዳገት ነው፤ ግድግዳ የሚባል ነገር አይገጥመውም። በቀን አራት ጊዜ የምወጣውን የምወርደውን ደረጃ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሠራተኛ አላየሁትም።

ከታች የሚኖሩ አንዲት ባልቴት በራቸውን ከፍተው አራት ወንድ ቃሬዛ ይዞ ሲያዩ ደረታቸውን እየደቁ ማልቀስ ጀመሩ።

«እማማ፣ አለሁ እኮ!» አለች ባለቤቴ ከላይ።

መጋዝ አመጣሁ። እዚያው ደረጃ ላይ፣ እሷ እንደተኛችበት፣ የገዛ ሥራዬን ቆረጥሁ። መጋዙ በተመላለሰ ቁጥር ንዝረቱ ዳሌዋን ያማታል፤ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ነከሰች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። አራቱም እጀታ ሲቆረጥ የሚያዝበት ጠፋ፤ በአንሶላ አስረን እያንገላታን አወረድናት። ምድር ስንደርስ ክሊኒክ ሊወስዳት የመጣው መኪና ሄዷል።

በሳምንቱ ቤት አቮት ወሰዷት።

ከዚያ በኋላ ደረጃውን ለካሁት። ሲነጋ ለካሁት፣ ከሰዓት ደግሞ ለካሁት፤ ጎረቤቶቹ ሳያብድ አልቀረም ብለውኛል። ሁለተኛ ቃሬዛ ሠራሁ፤ እጀታዎቹ በማጠፊያ የሚታጠፉ፣ ጎንና ጎኑ ላይ የቆዳ መያዣ ያለው። አሸዋ የሞላ ጆንያ አስተኝተንበት ከልጄና ከአጎቱ ጋር አወረድነው። ግድግዳ ሳይነካ ምድር ደረሰ። የዚያኑ ዕለት ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድሁ። «ውሳኔው ተወስኗል፤ ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ፣ ኒርኤ» አሉኝ። ኒርኤ እናያለን ማለት ነው። ወር አልፎ ስሄድም መልሱ ያው ኒርኤ ነው።

ከሚግዳል ሰፈር አውቶቡስ ይዤ ልጠይቃት እሄዳለሁ። ያለችበት ቤት አሳንሰር አለው። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት፤ የመጀመሪያው ቃሬዛዬ አንድ ጣት ያህል እንኳ ሳይቆረጥ ይገባበት ነበር። እሷ ግን እዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትገፋው፤ መራመዱንም ትታዋለች።

ስለ አዲሱ ቃሬዛ ነገርኋት። እጄን ይዛ ሰማችኝ።

«ታዲያ መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለች።

«እሑድ» አልኋት።

የትኛው እሑድ ብላ አልጠየቀችኝም።