የእንቁራሪቶቹ መውጫ

ዛሬ ሞጣ ላይ ጎረቤቴ አጥሩን እያስለሰነ ሳለ ድንገት ዝናብ ጣለና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ቤቴ ድረስ ገባ። ሌላው ሰው በዚህ ሽታ አዲስ ቤት ይታየው ይሆናል፤ እኔ ግን የራሴ የልጅነት መዳፍ ይታየኛል።

ልጅ ሆኜ የኖርነው ብቸና ዳር፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነበር። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ የዐጸዱ ደን ብቻ እንደ ደሴት ቀርቶ ነበር፤ እንቁራሪቶቹም በጋውን እዚያ የወይራና የጽድ ቅጠል ሥር ተደብቀው ይከርሙና የሰኔ ዝናብ ሲጥል ቁልቁል ወደ ኩሬው ወርደው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጩኸታቸው ለጉድ ነው፤ ዲያቆኑ ባዜመ ቁጥር ከታች ተሰጥኦ የሚቀበሉት ስለሚመስለን እኛ ልጆች በነጠላችን አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

ደኑን ከብትና መጥረቢያ ሊጨርሰው ሲል ምእመኑ ተሰብስቦ የድንጋይ አጥር አጠረለት። እኔም ሲሚንቶ በባልዲ እያመላለስኩ ከግርጌ የቀሩትን ቀዳዳዎች በመዳፌ እደፍናለሁ፤ ኩራቴ አጥሩን ብቻዬን የሠራሁት ያህል ነበር። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ የደኑ ጠባቂ አባ ላቀው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ተይ ልጄ፣ ይችን እንኳ ተያት፤ የእንቁራሪቶቹ መውጫ ናት» አሉኝ።

«ኧረ አባ፣ እባብ ይገባባታል!» ብዬ እየሳቅሁ ደፈንኳት፤ የመዳፌንም ምልክት አተምኩባት።

በዓመቱ ሰኔ ገባ። እንቁራሪቶቹ አጥሩ ሥር ተደራርበው፣ ዘለው እየወደቁ፣ እንደገና ሲዘሉ አየኋቸው። አባ ቀዳዳዋ ትከፈት ብለው ሽማግሌዎቹን ቢለምኑ፣ «ምነው አባ፣ ለእንቁራሪት ብለን አጥር እናፍርስ?» ብለው ሳቁባቸው። አባ ግን እኔን አልተቆጡኝም፤ ቅርጫት ይዘው መጡና አብረን እየለቀምን ወደ ኩሬው አሻገርናቸው። ኋላ እኔ ለትምህርት ሞጣ መጣሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ፤ እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ በየሰኔው ብቻቸውን ሲለቅሙ እንደኖሩ የሰማሁት ለቅሷቸው ላይ ነው። ከእሳቸው በኋላ ቅርጫቱን ያነሳ የለም፤ እኔም አላነሳሁም።

ባለፈው ሰኔ መዶሻ ይዤ ብቸና ሄድኩ። ደኑ ከልጅነቴ ይልቅ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ያዳነው አጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የትንሿ መዳፌ ምልክት እዚያው አለች፤ ያሁኑ እጄ አልገባባት አለ። ቅዳሴ ሳይገባ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ቀዳዳዋን ከፈትኩና ጃንጥላዬን ይዤ ኩሬው ዳር ተቀመጥኩ። ዝናቡም መጣ። ከላይ የዲያቆኑ ዜማ ይሰማል፤ ከታች የሚቀበለው የለም። እስኪያባራ ድረስ ጠበቅሁ፤ በቀዳዳዋ የወጣው ውኃ ብቻ ነበር።