የኔ ነው ብዬ ያስረከብሁት ብልቃጥ

ወገኖቼ፣ እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልወድም፤ ይህን ነገር ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልሁም። ጌታ ይመስገን! አያሌው እባላለሁ፤ ቡሬ በርበሬ እነግዳለሁ። ያቻት፣ ከኋላ ያለችው ባለቤቴ ጥሩአየሁ ናት። ጌታን ከኔ በፊት ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ስትጸልይ «ደግሞ ጀመራት!» እያልሁ የምስቅባት ሰው ነበርሁ።

ታላቅ ወንድሜ በአንጀት ካንሰር ሞተብኝ። ከሐዘኑ በኋላ ፍኖተ ሰላም አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሙ «የሞተው የሥጋ ወንድምዎ ነው፤ ዕድሜዎም ሃምሳን አልፏል፤ ይመርመሩ» አለና ትንሽ ብልቃጥ ሰጠኝ። «ቤትዎ ሆነው በዚህች እንጨት ከሰገራዎ ጥቂት ነክተው፣ ከተው ያምጡልኝ። በዓይን የማይታይ ደም ካለበት ይለየዋል።»

እኔ አያሌው ሰገራዬን በእንጨት ልነካ! አፈርሁ። ከማፈሬም በላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። የወንድሜን አሟሟት አይቻለኋ። እቤት ገብቼ ለጥሩአየሁ «ሐኪሙ ያንችን ፈልጓል» ብዬ ዋሸኋት። እሷ ምን ታውቃለች፣ እንደተባለችው አድርጋ ሰጠችኝ። እኔም የኔ ነው ብዬ አስረከብሁ። ብልቃጡ ላይ የኔ ስም ተጽፏል፤ ሰገራው እንደሆን አይናገር!

ለውጤት ስመለስ ሐኪሙ አስቀመጠኝ። «አቶ አያሌው፣ ደም አለበት። ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ግን ባሕር ዳር ሄደው አንጀትዎ በካሜራ መታየት አለበት፤ አይዘግዩ» አለኝ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። የኔ አይደለማ! ወደ ቡሬ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ እየተደሰትሁ መንገድ ላይ ማንኩሳ ደረስሁ። የባነንሁት እዚያ ነው። ታዲያ ደሙ የማን ነው? ወይኔ ጉዴ!

ወገኖች፣ ሦስት ቀን ዝም አልኋት። ብናገር ውሸቴ ይወጣል፤ ዝም ብል ሚስቴን አጣለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጓዳ ተንበርክካ ስትጸልይ ሰማኋት። «ጌታ ሆይ፣ አያሌው አልበላ አለ። እንደ ወንድሙ እንዳይሆንብኝ። ሕመም ካለበት ወደኔ አድርገው፤ እሱን ተውልኝ» ትላለች። ሮጬ ጓዳ ገባሁ። «ኧረ ተይ! ያንች ነው! ደሙ ያንች ነው!» ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ ሁሉንም ነገርኋት።

«አንተ ሰው፣ ሦስት ቀን?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ «ተነስ፣ ባሕር ዳር እንሂድ» አለችኝ። በቃ፣ ያለችኝ ይኸው ነው።

አንጀቷ ውስጥ እጢ ተገኘ፤ ካንሰር ነበር። ኦፕራሲዮን ስትገባ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። «ኢየሱስ ሆይ፣ ስስቅብህ ኖሬያለሁ፤ ውሸታም ነኝ፤ ተቀበለኝ» አልሁ። ሐኪሟ ወጥታ «ሳይሰራጭ ደርሳችኋል» አለችኝ። ሃሌሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን!

«ውሸትህ አዳናት» የሚሉኝ አሉ። አይደለም! ውሸቴማ ሦስት ቀን ቀማት። ያዳናት ጌታ ነው፤ በዚያች ብልቃጥና በሐኪሞች እጅ። ኋላ ክሊኒኩ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሐኪሙ «በዚህ ዕድሜዎ!» ብሎ ተቆጣኝና ሌላ ብልቃጥ ሰጠኝ። የራሴን በራሴ እጅ አደረግሁት። ደም የለበትም ተባልሁ፤ ተመስገን!

ጥሩአየሁ ዛሬ ደህና ናት፤ ክትትሏንም አላቋረጠችም። ወገኖቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ብልቃጡን ሲሰጧችሁ ተቀበሉ፤ ፍርሃታችሁን ደግሞ ለጌታ ንገሩት። ከሱ መደበቅ እንደሆነ እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። እመኑት።