የማክሰኞው ቅጠልና የሐሙሱ ዝንብ

ዝንብ የሚበላ ቅጠል አለ ብዬ ለተማሪዎቼ ሳስተምር እኔ ራሴ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ተጽፎለታል። ሁለቱን መስመር አነብና ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ። በዚያን ዘመን መንዝ፣ ሞላሌ ላይ የባዮሎጂ መምህርት መሆን እንዲህ ነበር፤ እኛ ያላየነውን በድፍረት እናስተምራለን፣ ተማሪዎቹም ያላመኑትን በድፍረት ጽፈው ፈተና ያልፋሉ።

ደርግ ከወደቀ ዓሥር ዓመት ያህል ሆኖታል። አንድ የውጭ አገር ሰው የጓሳን የሣር ምድር ሊያጠና መጣና፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እንዳስተረጉምለት ተላክሁ። ሰውየው ሣር ባየ ቁጥር ይንበረከካል። እኔም ጥያቄ አላልቅ ስላለኝ ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ያንን የሁለት መስመር ቅጠል አይተኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ፤ ለካ በአገሩ፣ ቤቱ ውስጥ የሚያበቅለው እሱን ኖሯል። ስሸኘው የጎመን ዘር የሚያክሉ ፍሬዎች በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ አንድ ፎቶግራፍም ጨመረልኝ። በፎቶግራፉ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ የቀንድ ዋንጫ የመሰሉ ባዶ ቅጠሎች አሉ፤ በአፋቸው ላይ ክዳን አላቸው፣ ክዳኑ ደግሞ ቀይ፣ በጣም ቀይ ነው።

«ያንቺ ግን ዘሩ ድብልቅ ነው፤ ምን ቀለም እንደሚያወጣ እኔም አላውቅም። ሲደርስ ታዪዋለሽ» አለኝ።

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«አራት ዓመት። አምስትም ሊሆን ይችላል።»

ገብስ ዘርቶ በስድስት ወር ለሚያጭድ አገር ልጅ እንዲህ ይባላል? ተናደድኩ። ዘሩን ግን አልመለስኩለትም።

ያኔ ከአባቴ ጋር ነበር የምኖረው። እናቴ ካረፈች በኋላ ከገጠር አምጥቻቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ማስተማሩን ያስተዋቸው ዓይናቸው ነው። ደብረ ብርሃን ወስጄ ሳስመረምራቸው ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ጥቂት ጊዜ ያቆየው ይሆናል አለ። አባቴ ጠብታውን ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ መታየት ያለበት ነገር ካለ ቶሎ ይታይ» ብለው ቀለዱ። እኔ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ስለ ቅጠሉ ስነግራቸው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩኝ።

«ዕፅዋት የተፈጠሩት ማክሰኞ ነው። ክንፍ ያለው ሁሉ የተፈጠረው ሐሙስ ነው። የማክሰኞው ቅጠል የሐሙሱን ዝንብ የሚበላ ከሆነ እስከ ሐሙስ ድረስ ምን በልቶ ቆየ?»

ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁለት ቀን አሰብኩበትና መለስኩላቸው። «አባባ፣ ዝንቡ ለእሱ ወጡ ነው እንጂ እንጀራው አይደለም። እንጀራው የፀሐይ ብርሃን ነው።»

«ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው።»

«ታዲያ አንድ ቀን መጾም ያቅተዋል?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ፎቶግራፉን ተቀብለው ከአፍንጫቸው ጋር አስጠግተው፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ አዩት። «ቀይ! ሳይጨልምብኝ ይህንን ጉድ አሳዪኝ» አሉ። ዘሩ ድብልቅ እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ደስታቸውን ሳይ ተውኩት።

እንዲህ ሆኖ የእኔ ቅጠልና የአባቴ ዓይን እሽቅድምድም ጀመሩ።

ቅጠሉ ግን ባላገር አልነበረም። ፍግ አይወድም፣ ጥቁር አፈር አይወድም፣ የቧንቧ ውሃ አይወድም። ዘሩን የዘራሁት በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ ከረግረግ ዳር በለቀምኩት፣ እንደ ምንጣፍ በተነጠፈ ለስላሳ አረንጓዴ በቀል ላይ ነው። የማጠጣው ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር ገበቴ ይዤ ግቢ ውስጥ ስሯሯጥ ጎረቤቶቼ «መምህርቷ ምን ነካት?» ይሉ ነበር። አባቴም «እኛ በዝናብ እጦት ምሕላ እንይዛለን፣ እሷ ለአንድ ቅጠል በረዶ ታቀልጣለች» እያሉ ይስቁብኛል። ውርጭ ሲመጣ ቅጠሎቹ ቡናማ ሆነው ሲተኙ፣ ብርዱ ሲያልፍ መልሰው ሲነቁ ጊዜ ግን «ውርጭ የማይገድለው ከሆነስ የመንዝ ልጅ ነው» ብለው አቀረቡት።

በመጀመሪያው ዓመት የወጣው ነገር የመርፌ ጫፍ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሕፃን ጥፍር የሚያክሉ አፎች ወጡ። በአጉሊ መነጽር ሳያቸው አንዷ ውስጥ የሞተች ጉንዳን አገኘሁ፤ ብቻዬን ጮኼ ሰፈሩን ቀሰቀስኩት። ያም ሆኖ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ክዳናቸው አልተገለጠም፣ ቀለማቸው አረንጓዴ ነው፣ የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። ልጅነቱን ካልጨረሰ እውነተኛ መልኩን አያወጣም። አባቴ ይህ አልገረማቸውም። «ልጆቹ ዜማ ሊማሩ ሲመጡ ድምፃቸው ሁሉ አንድ ነው። የትኛው መሪ፣ የትኛው ተከታይ እንደሚሆን የሚታወቀው ድምፁ ሲጎረና ነው። እስከዚያ መምህሩ ጭጭ ነው» አሉኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለውም ተረቱብኝ። የእንቁላሉስ ሃያ አንድ ቀን ነው፣ የእኔን ምን ላድርገው?

በየምሽቱ «ደረሰ?» ይሉኛል።

«አልደረሰም። ዓይንዎስ?»

«ያው ጉም ነው። መንዝ ተቀምጦ ጉም ለማን ብርቅ ነው?»

ጠዋት ጠዋት የጸሎት መጽሐፋቸውን ዘርግተው፣ ገጹን እየገለጡ ሲደግሙ ሳያቸው ልቤ ይረጋል። ጠብታው ሠርቷል እላለሁ። ገና ጊዜ አለን እላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀሪካኑ ዱቄት ነገር ለብሶ አገኘሁት። በሶ ነው። አፎቹ ላይ፣ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ፣ በረንዳው ወለል ላይ ሁሉ ተበትኗል።

«ማነው ይህን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ» አሉ፤ ምንም አላፈሩም። «ሰው ሁሉ ሲጾም እሱ እቤታችን ተቀምጦ ሥጋ ይበላል? በሶ ይቅመስ።»

ቁጣዬ መሬት አልበቃውም። አጠብኩ፣ ለቀምኩ፣ ነፋሁ፤ ግን በሳምንቱ ሻገተና አብዛኞቹ በሰበሱ። ሦስት ብቻ ተረፉ። በሕይወቴ አባቴ ሲጨነቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው «አጠፋሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ቁጣዬ ወዲያው በረደ። ዱቄቱ ወለሉ ላይ ለምን እንደፈሰሰም አልጠየቅኳቸውም፤ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት።

ከዚያ በኋላ መቸኮሌን ተውኩት ብል ውሸት ነው። በየቀኑ ማስመሪያ ይዤ እለካለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ የማፍሰው እንኳ አልነበረኝም። ከሦስቱ አንዱን ጎረቤት ያለ በግ ገብቶ ነጨው። በጉን መልሼ አስወጣሁት፤ ምን ይባላል፣ ለሱ ሣር ነው።

በአራተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከቀሩት ሁለቱ በአንደኛው መካከል እንደ ሌላው ጊዜ ያልሆነ ነገር ወጣ። ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የተዘጋ ነው። በየቀኑ ረዘመ፤ ከስንዝር አለፈ። ተማሪዎቼን እያስተማርኩ ልቤ በረንዳው ላይ ነበር። ይቀላ እንደሆነ፣ ይዥጎረጎር እንደሆነ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይቀር እንደሆነ አላውቅም፤ አለማወቄ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ክዳኑ ተከፍቷል።

ቢጫ ነው። እንደ ደረሰ ገብስ ያለ ቢጫ፤ በአንገቱ ላይ እንኳ አንድ ቀይ ጅማት የለበትም። ተንበርክኬ አየሁት። ቀይ ባለመሆኑ ቅር የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ! በዓለም ላይ ይህን ቅጠል ያየች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። አንድ ዝንብ ከከንፈሩ ላይ ሲልስ ቆይቶ ተንሸራተተና ገባ፤ ውስጥ ሆኖ ሲያጉረመርም ይሰማል።

ጀሪካኑን አቅፌ ወደ አባቴ ሮጥኩ። ግቢ ውስጥ ካለው መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባባ፣ ደረሰ!»

«ደረሰ? ደረሰ አልሽኝ?» ብድግ ሊሉ ሲሉ መልሼ አስቀመጥኳቸውና ጀሪካኑን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። እንደዚያ እንደ ፎቶግራፉ ጊዜ ጎንበስ አሉ። ፊታቸው በደስታ አበራ።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ። «አቤት አቀላሉ! እንዲህ የቀላ ነገር አይቼም አላውቅ!»

ቅጠሉን አየሁት፣ እሳቸውን አየኋቸው። ዓይናቸው ያለው ከቅጠሉ በላይ፣ አጥሩ ላይ ነበር። ያንን የጸሎት መጽሐፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው እንደሚያውቁት እንዴት ረሳሁ? መቼ ነው የጨለመባቸው? አምና? ካቻምና? በየምሽቱ ጉም ነው ሲሉኝ የኖሩት እኔ ተስፋ ቆርጬ መጠበቄን እንዳልተው ኖሯል።

ፊታቸውን ቀደም ሲል ድምፄ ወደመጣበት አዞሩ። እኔ ግን ከዚያ ተነስቼ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

«ቀልቷል አይደል፣ ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ቀልቷል፣ አባባ» አልኳቸው። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ያዝኩና ክዳኑ ላይ አኖርኩላቸው፤ እሳቸውም ጣታቸውን በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ እያሉ አዞሩት።