ዘይነት ዘራፍ ስትል

ባሕር ዳር ውስጥ እኔን ኑርሑሴንን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ፋሲሎ ሰፈር እህል ስነግድ ነው ጸጉሬ የሸበተ። ሽንብራዬን ከቆላ ድባ አስመጣለሁ፤ ሌላው ነጋዴ ከየትም ይለቃቅምና ቆላ ድባ ነው እያለ ሰው ያታልላል፣ እኔ ግን... ተዉት፣ ሽንብራ አይደለም የጀመርሁላችሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ እናገራለሁ፣ የሚጽፈው ይጽፋል። የማወራችሁ ስለ እህቴ ልጅ፣ ስለ ዘይነት ነው።

ዘይነት የተወለደች ወረታ ነው። እናቷ ሉባባ ታናሽ እህቴ ናት፣ ጨርቅ ትነግዳለች። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምራ መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም። ጨው ግዥ ብለው ሲልኳት በሩጫ፣ ስትመለስ በሩጫ፣ ግማሹ ጨው መንገድ ላይ። በእኔ ወጥታ ነው። እኔ በጉብዝናዬ ያመለጠች በቅሎ ከወረታ እስከ አንበሳሜ በእግሬ አባርሬ ይዣለሁ። በቅሎዋ ደክማት ተኛች፣ እኔ ቆሜ ጠበቅኋት። የማያምን ይቅር።

ከፍ ስትል እኔ ቤት መጣችና የሩጫ ክለብ ገባች። ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ሲሮጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያ ነፍስ የሚያወጣ ሩጫ ሲያበቃ ወንድና ሴት አንድ አይሆኑም። ወንዱ ይቀልጣል። ብሩክ የሚባል አለ፣ ደረቱ የቤት በር የሚያክል ጎረምሳ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይዘረርና እዬዬውን ያቀልጠዋል። ቢያሸንፍም ያለቅሳል፣ ቢሸነፍም ያለቅሳል። ጋቢ ጣል ያደርጉበታል፣ "አይዞህ፣ አንጀትህን ሰጥተህ ነው" ይሉታል። ሴቶቹ ሌላ ናቸው። ወንጌላዊት የምትባለዋን እስክትስል ድረስ ሳቅ ይይዛታል። አንዷ ውሃ ያቀበላትን ሰው ትሰድባለች። የኔዋ ደግሞ ትነድዳለች። ዓይኗ ይቀላል፣ መሬቱን ትረግጠዋለች፣ ከዚያ "ዘራፍ!" ብላ ትፎክራለች።

ዘራፍ የወንድ ቃል ነው ይላሉ። ሰርግ ላይ ወንዱ ዱላውን እየነቀነቀ ይፎክራል፣ ሴቷ እልል ትላለች። ታዲያ ዘይነት ከማን ተማረችው? ከኔ ነዋ! በዚህ አገር እኔን የሚያህል ፎካሪ የለም። አንድ ሰርግ ላይ ስፎክር ሙሽራው ደንግጦ ከነወንበሩ ተገልብጧል፤ ሚዜዎቹ ናቸው ያነሡት።

አሰልጣኙ አስናቀ ግን ይህን ነገር አልወደደላትም። ፊሽካ ካንገቱ የማይለይ፣ የተማረ ሰው ነው። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ጠራት።

"ስሚ ዘይነት፣ ሴት ልጅ ሩጫ ስትጨርስ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ዝም ትላለች። የምትፎክሪበት ጉልበት ከተረፈሽ መንገድ ላይ ሰስተሻል ማለት ነው።"

"አልሰሰትሁም ጋሼ። ጉልበቴ ሲያልቅ ነው የምፎክረው።"

"ጉልበት ሲያልቅ እንዲያ ያደርጋል እንዴ?"

"የብሩክ በዓይኑ ይወጣል፣ የኔ በአፌ።"

ሴቶቹ ሳቁ። አስናቀ አልሳቀም። "እሑድ በማጣሪያው ቀድማ የገባች ሴት አዲስ አበባ ለውድድር ትሄዳለች። አንቺ ብትቀድሚም ያን ቃል ከሰማሁ አትሄጂም። ጨዋ ሁኝ!"

ያ ውድድር ለሷ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቅ። ሌላ ምኞት የላትም። እናቷ ወሬው ደርሷት ደወለች፤ "በአላህ ይሁንብሽ፣ አንድ ቀን አፍሽን ብትይዥ ምን ይጎድልብሻል?" አለቻት። እኔም "ቃሉ የኔ ነው፤ ለእሑድ መልሼ ወስጄዋለሁ" አልኋት።

"እሺ አጎቴ" አለች።

እሑድ ዘይነት ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ገባች፣ ወንጌላዊት ተከተለቻት። ዘይነት እንደገባች ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። የአንገቷ ደም ሥር ተገትሯል። አስናቀ ፈገግ አለ። "ጨዋ ሴት እንዲህ ናት!" አለ። እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ ለመንገድ ምን ስንቅ እንደምቋጥርላት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

በዚህ መሀል ከሴቶቹ ኋላ ከተነሡት ወንዶች ብሩክ ደረሰ። እንደ ልማዱ ተዘረረና ልቅሶውን ጀመረ። አስናቀ ራሱ ጋቢ ይዞ ሮጠ። አለበሰው፣ ግንባሩን ሳመው። "አልቅስ ወንድሜ፣ ይውጣልህ። ጀግና ነው የሚያለቅስ!"

ዘይነት ሰማች። አንድ እጇን አወረደች። ሁለተኛውንም አወረደች።

"ዘራፍ!"

ሐይቁ ላይ የነበረ ወፍ ሁሉ ተነሣ።

"ዘራፍ የሉባባ ልጅ!
የጣናን ዳር ዳሩን በእግሬ የጨረስሁ፣
እንባዬን ለወንዶች አበድሬ የመጣሁ!"

ፉከራ ሥርዓት አለው። ሰው ሲፎክር የሰማ "በለው!" ብሎ መመለስ አለበት፤ መላሽ ያጣ ፎካሪ ተዋረደ ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ ጭጭ አለ። ሴቶቹ አስናቀን አስናቀን ያያሉ። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ አይ መከራ፣ ሳል ያዘኝ። ይኼኔ ብሩክ ራሱን ከጋቢው ውስጥ አወጣ፤ እንባው ከንፍጡ ተደባልቋል።

"በይው! በይው እህቴ!" አለ።

ወንጌላዊት እልልታውን ለቀቀችው።

"አንተ ደግሞ!" አለው አስናቀ።

"ጋሼ፣ የኔ ይውጣ ብለው የለ? የሷም ይውጣላት እንጂ።"

አስናቀ ወደ ዘይነት ዞረ። "ይቅርታ ጠይቂ። እዚሁ፣ በሰው ፊት። እምርሻለሁ፣ ትሄጃለሽ።"

"ስለ ቀደምሁ ነው፣ ስለ ፎከርሁ?"

"ስለ ፎከርሽ።"

"እንግዲያው ብሩክ ስላለቀሰ ይቅርታ ይጠይቅና እከተላለሁ።"

"ብሩክ ምን አጠፋ?"

"እኔስ?"

አስናቀ ፊሽካውን ነፋና "ወንጌላዊት ትሄዳለች" አለ። ወንጌላዊት አሻፈረኝ ብላ ነበር፤ ዘይነት ናት "ሂጅ፣ አንቺ ምን በወጣሽ" ብላ የገፋቻት።

ሰዉ አሁን ታለቅሳለች ብሎ ዙሪያዋን ከበበ። እሷ ጫማዋን አራገፈችና "አጎቴ፣ ርቦኛል" አለችኝ። ዓሣ አበላኋት። የኔንም ቀምታ በላችው።

ወረታ ትመለሳለች ብለው ያወሩ ነበሩ። ማን ተመልሶ! ክለቡን ትታ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን፣ ያለ ክለቡ ማልያ፣ በዚያው በሐይቁ ዳር መንገድ ትሮጣለች። እኔም ድንጋዬ ላይ ነኝ። ሰሞኑን አስናቀ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ ኑርሑሴን። ልጅዎን ይምከሩልኝ። ለሚመጣው ውድድር ፈልጌያታለሁ። በጆሮዬ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ይቅርታ ትበለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠይቅም።"

ይህን ሲለኝ ዘይነት አቧራዋን አልብሳን እልፍ አለች።

"እኔ የሰው መልእክተኛ ሆኜ አላውቅም" አልሁት። "ያቻትልህ። ከደረስህባት አንተው ንገራት።"